ልጇን ወደ ቹርካ ያወጣችው ቲክላ

ቲክላን ሳውቃት ፀጉሯ ነጥቶ፣ ፊት ጥርሶቿ ረግፈው ነበር፤ ግን ዳገት ስትወጣ የሚደርስባት ሰው አልነበረም። የክርስትና ስሟ ማግዳሌና ነው። በዚያ ስም የሚጠሯት ቄሱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ደጋግመው ካልጠሯት አትሰማም። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት ሳቀችብኝና «እርስዎ የሚባሉት አባ ናቸው፤ እኔን አንቺ በይኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቲክላ እያልኩ አንቺ አልኳት። እኔ ያላየሁትን ዘመን የነገረችኝ እሷው ናት፤ እንዝርቷን እያሾረች፣ አንዳንዴ እየሳቀች፣ ክሩ ሲበጠስባት ደግሞ እየተራገመች።

ተወልዳ ያደገችው ቹርካ ነው፤ ከገደሉ ሥር፣ ደመና ከሰው በታች የሚያልፍበት ቦታ። ቤቶቹ ክብ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፤ በራቸው ባለቤቱ ወደፈለገበት ይዞራል። ከቤቶቹ በላይ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ታላቁ አያት ተቀምጦ ነበር፤ የመጀመሪያውን እርከን የካበ፣ ምንጩን ከዓለት ያወጣ ሰው። ከሞተ ስንት ትውልድ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። ቆዳው ደርቆ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል። ዘር ከመዘራቱ በፊት ያወጡትና የበቆሎ ጠላ ያቀምሱታል፤ የዓመቱን ወሬ ይነግሩታል፤ ያረጀ ልብሱን በአዲስ ይለውጡለታል። ልብሱን የምትሸምነው የቲክላ እናት ነበረች፤ በኋላም ቲክላ።

«አማቴ እንኳ እንደሱ አላስቸገረችኝም» ትለኝ ነበር። «አንድ ትከሻው ያዘነበለ ነው። ቀጥ አድርገሽ ከሠራሽለት ይወልቅበታል።»

ያም ሆኖ ቲክላ ስትወለድ ቹርካ ግማሹ ባዶ ነበር። ስፔኖቹ ባሕር ተሻግረው አገራችንን ከያዙ ወዲህ ፈንጣጣ መጥቶ ሄዷል፤ ተመልሶም መጥቷል። ወንዶች ለጦር ሸክም ተወስደው በዚያው ቀርተዋል። ጣሪያቸው በወደቀ ቤቶች ውስጥ ልጆች ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር። ቲክላ ያ ሁሉ ፍርስራሽ የሰው ቤት እንደነበረ የገባት ካደገች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ እንዲሁ መስሏት ነበር።

ቻውካ የሚባል አጭር፣ ቀልደኛ ሰው አገባች። ሴት ልጅ ወለዱና ቹምፒ አሏት። ቹምፒ ድክ ድክ ማለት እንደጀመረች ትእዛዝ መጣ። በየተራራው የተበተነው ሰው ሁሉ ይውረድና ወንዙ ዳር በአንድ ከተማ ይስፈር፤ ለማስተማርም ግብር ለመሰብሰብም ይመቻል ብለው የንጉሡ እንደራሴ አዘዋል ተባለ። ትእዛዙን ይዞ የመጣው አንድ ስፔናዊ ሹም ነው። አጠገቡ ቆሞ የሚተረጉምለት ግን የአገሩ ባላባት፣ ዶን ጌሮኒሞ ነበር።

«ዶን ጌሮኒሞ» አለ ቻውካ፣ «ማሳው እዚህ፣ ቤቱ እዚያ ታች። ድንቹን ማን ሊጠብቀው ነው?»

«ጠዋት ትወጣለህ፣ ማታ ትወርዳለህ።»

«ግማሽ ቀን ወጥቼ ግማሽ ቀን ልወርድ? ታዲያ መቼ ልቆፍር ነው?»

ባላባቱ ሹሙን ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቻውካ፣ እኔም የገዛ ቤቴን ነው የማፈርሰው። ዝም ብለህ ውረድ።»

«አያትስ? እሱም ይወርዳል?»

«እሱን እኔ አልሰማሁም፤ አንተም አልተናገርክም።»

ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ጣሪያዎቹን በገመድ ስበው ጣሏቸው። ቲክላ ልጇን በደረቷ፣ የወፍጮ ድንጋይዋን በጀርባዋ አዝላ ወረደች። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ሳቀባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ሊጠፋ ነው?» አሏት። «ይሄ እጄን ያውቀዋል» አለች እንጂ አላወረደችውም።

አዲሱ ከተማ ሳን ብላስ ተባለ። ገመድ ወጥረው ነው የሠሩት፤ ጎዳናው ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ቤቱ ሁሉ አራት ማዕዘን። ጠባቂው ሲያልፍ ውስጡን እንዲያይ በሩ ሁሉ ወደ ጎዳናው ይከፈታል። ቻውካ «እዚህ አገር ንፋሱም ተሰልፎ ነው የሚነፍሰው» ይል ነበር። ቲክላ ሳትጠይቅ ጎረቤቷ የምትቀቅለውን ታውቃለች፤ ጎረቤቷም የእሷን። ድንቹን ሊያዩ ሲወጡ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ባለቤት የራቀው እርከን በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ይናዳል። ቢሆንም ኖሩ። ሰው ይለምዳል አለችኝ። ብቻ የምግቡ ጣዕም ጠፋባት።

ቀጥሎ የማዕድኑ ተራ መጣ። ስፔኖቹ ብር የሚያነጥሩበትን ባዜቃ ከሚያወጣው ጉድጓድ ወንዶች በየተራ ይላኩ ነበር። ቻውካም ሄደ። በቀጣዩ ዝናብ ተመልሶ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ አልገባ አላት፤ ለካ እጁን እንዳታይበት ነው። የባዜቃው መርዝ ገብቶበት ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«አየሽ፣ እጄ ጭፈራ ተምሮ መጣ» አላት።

ቲክላ አላለቀሰችም። ገብቶ ሲቀመጥ ጠላውን ዋንጫው ግማሽ ድረስ ብቻ ቀዳችለት፤ እንዳይፈስበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞልታ ቀድታለት አታውቅም። እሱም ለምን ጎደለብኝ ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ቤት ለቤት እንደዚያ ተጠጋግቶ የሚኖር ሰው መሸሻ የለውም፤ በአንዱ በር የገባ በሽታ በጎዳናው ሁሉ ያልፋል። ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። በዚያ ሰሞን ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲሮጡ ጫማቸው ተቀዶ በባዶ እግራቸው ቀብረዋል። ቹምፒ የሞተችው በቆሎው ሲያብብ ነው። በሕጉ መሠረት ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል በታች ቀበሯት።

በአገራችን የሞተ ሰው ዋሻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነፋስ ያገኛል፤ ዘመዶቹን ያያል። አፈር ሲጫነው ይጨነቃል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል እንላለን። ቲክላ በየእሑዱ ቅዳሴ ስትቆም ልጇ ከእግሯ ሥር ናት። የሰዉ ሁሉ እግር ያልፍባታል። ተንበርከኩ ሲባል ቲክላ ቆማ ትቀራለች። ቄሱ ተቆጧት። «ጉልበቴን ያመኛል፣ አባ» አለች። የሚያማት ጉልበቷ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዘው ላሳሮ፣ የቻውካ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ጥንቁቅ፣ ጥላውን የሚፈራ ሰው። ቄሱ አራት ከተማ ስለሚያስተምሩ በየተራው ይዞራሉ፤ ሲሄዱ ቁልፉ እሱ ዘንድ ይቀራል። ውኃ ከተራራው የሚያወርደው ቦይ የሚጠረግበት ጊዜ ደርሶ አገሩ ሁሉ ከበሮውን ይዞ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ቲክላ ላሳሮን በሩ ላይ አገኘችው።

«ላሳሮ፣ ልጄን ልወስዳት ነው።»

«ወዴት?»

«ታውቃለህ ወዴት።»

«አንቺ ሴት፣ ልታስገርፊኝ ነው? ቁልፉ የእኔ አይደለም፤ የአባ ነው!»

«ቁልፉ የአባ ይሁን። ልጅቷ ግን የእኔ ናት። ያንተም የወንድም ልጅ ናት። ሲርባት ከአንተ ማድ ላይ ነበር የምትበላው።»

ላሳሮ ዶማውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። ከዚያ ወደ ተራራው እያየ «እኔ ቦይ ጠረጋ መሄዴ ነው» አለ። «ቸኩዬ በሩን መዝጋት ብረሳ፣ ያው ሰው ነኝ።»

ፀሐይ ወጥታ ሰዉ ሲሄድ ባልና ሚስቱ ገቡ። የሚንቀጠቀጥ እጅ አይቆፍርም፤ የቆፈረችው ቲክላ ናት። ቻውካ አፈሩን ወደ ጎን በእግሩ ይገፋል፤ ሲደክማት እሱ ያዜማል፣ ለቹምፒ ያዜመው የነበረውን የልጅ ዜማ። ሲጨርሱ ድንጋዩን እንደነበረ መለሱት። ልጅቷን ቲክላ በሸመነችው አዲስ ልብስ ጠቀለሏት፤ እናቷም እንደ ድሮው አዘለቻት። «ቀላል ሆናለች» አለች ለቻውካ። ለእኔም ከዚህ ያለፈ አልነገረችኝም።

ወደ ቹርካ ሌላ መንገድ የለም፤ ቦዩን ተከትሎ በጠራጊዎቹ መካከል ነው የሚያልፈው። ቲክላ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ከፊት ከበሮ፣ ከኋላ ዶማ፣ በሁለቱም ወገን ያልታመመና ያልሞተ የአገሬው ሰው ሁሉ። ልጅ የሌላት ሴት ልጅ አዝላ ትወጣለች። ዶማዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ቲክላም ቆመች።

ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ጭቃ ውስጥ እንደቆመች ጮክ ብላ «ልጅሽ ተኛች?» አለቻት።

«ተኝታለች፣ እማማ።»

«እንዳትቀሰቅሺያት ቀስ ብለሽ ውጪ።»

አሮጊቷ ይህን ብላ ወደ ቁፋሮዋ ተመለሰች። ሌሎቹም ተመለሱ። ቲክላ ስታልፍ አንዷ ለመንገድ የሚታኘክ የኮካ ቅጠል እጇ ላይ አስቀመጠችላት፤ ሌላዋ የተቀቀለ በቆሎ። ላሳሮ ጀርባውን ሰጥቶ አንዱን ድንጋይ ሲያገላብጥ ነበር።

ዋሻው ጋ ስትደርስ ታላቁ አያት ያንን ያዘነበለ ትከሻውን ይዞ ተቀምጧል። ቲክላ ልጇን አጠገቡ ልታስቀምጣት ብላ ተወችው። «ሽማግሌ ነው፤ ልጅ ይረብሸዋል» አለች። ከድሮ ቤታቸው ኋላ በእርከኑ ግንብ ውስጥ ደረቅ ጎድጓዳ ቦታ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። እዚያ አስቀመጠቻትና ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ትታ በድንጋይ ዘጋችው። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ላይ ተንበረከከች። ቄሱ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። «ተሻለኝ፣ አባ» አለች።

ቻውካ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረ። ሊሞት ሲል አንተንም ልውሰድህ ወይ አለችው።

«እኔን ተዪኝ» አላት። «አፈር ከተጫነው ምናልባት ይሄ እጄ ያርፋል።»

ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር ቀበሩት፤ እሷም ባለበት ተወችው።

የአያቶችን አምልኮ የሚመረምር ሹም የመጣው ቲክላ መበለት ከሆነች በኋላ ነው። ቁልፍ ያዡ ላሳሮ መጀመሪያ ተጠራ። ቀኑን ሙሉ ይዘውት ዋሉ፤ ወደ ማታ ዋሻውን አሳየ። ታላቁን አያት በበቅሎ ጭነው አወረዱትና በሳን ብላስ አደባባይ አቃጠሉት። ብዙ ልብስ ስለለበሰ ቶሎ አልነደደም። አመዱን ወንዝ ጨመሩት። ልብሱን የሸመነችው ማን ናት ሲባል ላሳሮ እሱንም ተናገረ። የቲክላን ፀጉር በሕዝብ ፊት ላጩና ወደ ባሕሩ ዳር ታላቅ ከተማ፣ የሕሙማን ጨርቅ እንድታጥብ ሰደዷት።

ስለ ልጅቷ ግን ማንም አልተናገረም። ቦይ ጠረጋ ላይ የነበረው አገር ሙሉ ሰው ተራ በተራ ተጠይቋል። አሮጊቷም ተጠይቃለች፤ «እኔ ጆሮዬ ከባድ ነው» እያለች ሹሙን ግማሽ ቀን አስጮኸችው ይባላል። ላሳሮም ቢሆን ያን አንዱን ዋጥ አድርጎ ቀረ።

ቲክላ ስለዚያ ከተማ ብዙ አታወራም ነበር። ሰማዩ ዝቅተኛ፣ ልብስ የማይደርቅበት አገር ነው ትላለች። ፍርዷን ጨርሳ ስትመለስ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ ነበር የበቀለው። ሳን ብላስም እንደተወችው አልቆያትም፤ ከቀጥተኛው ጎዳና ቤቶች አብዛኞቹ ሣር ለብሰዋል። ከፊሉ ሞቷል፤ ከፊሉ የማዕድን ተራ ሲደርሰው ጠፍቷል። ወደ ዶን ጌሮኒሞ ሄደች። ባላባቱም አርጅቶ ነበር።

«የአገሩን ላማዎች ወደ ላይ ወስጄ ልጠብቅ» አለችው፤ ላማ ሱፉ የሚፈተል የጭነት ከብታችን ነው።

ባላባቱ ገባው። «ለላማ ጥበቃ ከሆነ ማንም አይከለክልሽም። ቤት ሥሪ ግን አላልኩሽም።»

«ላማ ጠባቂን ዝናብ አይመታውም?»

«መጠለያ ሥሪ።»

«መጠለያው ግድግዳ አለው?»

«ኧረ ቲክላ፣ ተይኝ! እኔ እንደሆነ ያንን ዳገት ወጥቼ አላይ።»

ያን ድሮ በገመድ የተሳበውን ጣሪያ እንደገና ማንሳት ጀመረች። አንድ ቀን እንጨት የተሸከመ ሰው ዳገቱን ሲወጣ አየች፤ እየቀረበ ሲመጣ ላሳሮ ነው። እንጨቱን አወረደ፤ ቆመ።  ቲክላ ግድግዳው ላይ እንዳለች ቁልቁል አየችው።

«ከዚያ ገመዱን አቀብለኝ» አለችው።

አቀበላት። ጣሪያው እስኪያልቅ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ስለዚያ ነገር እሱ አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም። ይቅር ብለሽዋል ወይ ብዬ ስጠይቃት «እኔ እንጃ። ጣሪያው ግን አያፈስም» አለችኝ።

እኔና ባሌ ሱልካ የደረስነው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ከደቡብ ነን። ሱልካ አንዴ ማዕድን ደርሶ መጥቷል፤ ሁለተኛ ሲጠሩት አገር ጥለን ጠፋን። ቹርካ ስንደርስ እግራችን ደምቶ፣ ከሁለት ቀን በፊት የበላነውንም ረስተን ነበር። አንዲት ነጭ ፀጉር ሴት ወንጭፍ ይዛ ብቅ አለች።

«ሌባ ናችሁ ወይስ እንግዳ?»

«እንግዳ ነን» አለ ሱልካ።

«ሌባም ብትሆኑ ከድንች በቀር የሚሰረቅ የለም። ግቡ።»

በውርጭ የደረቀ ድንች ቀቅላ ሰጠችን። ስንበላ ከየት መጣችሁ አላለችም። በማግስቱ የተናደ እርከን አሳየችንና «ይሄንን ከካባችሁት ዝሩት» አለችን። ኋላ ያለውን አንድ ግንብ ብቻ «እሱን አትንኩት» አለች። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ ቆይታ ነው።

ስደተኛ የሚፈልግ ሹም አንድ ጊዜ እስከ ላይ ወጣ። ሱልካ እርከን ላይ ነበር፤ መሸሻ አልነበረውም። አንዲት ቃል ቢናገር የደቡብ ሰው መሆኑ ይታወቃል።

«ይሄ ማነው?» አለ ሹሙ።

«የእህቴ ልጅ» አለች ቲክላ።

«ስምህ ማነው፣ አንተ?»

ሱልካ አፉን ሊከፍት ሲል ቲክላ ቀደመችው። «ምን ያደርጋል፣ ጌታዬ፣ ዲዳ ነው! ሲወለድ ጀምሮ። እናቱ ስንት ጸለየች!»

«መስማትስ ይሰማል?»

«ሲበላ ይሰማል፤ ሥራ ስታዘው አይሰማም።»

ሹሙ ሳቀ። ደክሞትም ስለነበር እኛ ጋ ተቀምጦ ዋለ፤ ሱልካም እሱ እስኪሄድ አንገቱን እየነቀነቀ ዋለ። ድንጋይ እግሩ ላይ ወድቆበት እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ እንባው ብቻ ወረደ። ሹሙ ከዳገቱ ሲሰወር ያወጣው ስድብ ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚሰማ ነበር። እትዬ ቲክላ በሳቅ መሬት ተቀመጠች።

ከኛ በኋላ ሌሎችም መጡ፤ ከታች ከሳን ብላስም፣ ከሩቅ አገርም። ጭሳችን እየበዛ ሲሄድ ዝም ማለት አልተቻለም። አዲሱ ቄስ እንድንወርድ ሊያዙን ብለው ወጡ። ዳገቱን ግን ሲጨርሱት ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር፤ ካረፉ በኋላ ነገሩን አስበው ትንሽ የጸሎት ቤት ሥሩና እኔ አልፎ አልፎ እመጣለሁ አሉ። የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ስንክብ ቲክላ ጭቃ አቡክታለች።

የሞተችው ድንቹን ለውርጭ አስጥተን እንዲደርቅ በእግራችን እየረገጥን ውኃውን በምናወጣበት ወር ነው። ጠዋት አብራን ረግጣ ደከመኝ ብላ ገባች። ገብቼ ሳያት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ አልፋለች። ስለ ቀብሯ ምንም አላዘዘችም ነበርና ቄሱ እስኪመጡ ጠብቀን በጸሎት ቤቱ አጠገብ ቀበርናት። አንዳንዱ ሰው ወደ ዋሻው እንውሰዳት ሲል፣ አንዳንዱ ተዉ ሲል ትንሽ ተጨቃጨቅን። ላሳሮ ከሁሉም ይልቅ አለቀሰ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከታች ወጣች፤ ባሏ ከማዕድን አልተመለሰም። የቲክላን እርከን ለእሷ ሰጠናትና ሱልካ ያንን የማይነካውን ግንብ አሳያት። በዚያ ዓመት ውርጩ ቀድሞ ስለገባ ድንቹ ትንንሽ ነበር፤ ለዘር ግን በቃ።